ትልቁ ጭልፋ፦ ምናለሽ ተራ ተሠርቶ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ የተፈተነ

ዕቃው ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አይገኝም፤ ስምም የለውም። መልኩ የወጥ ጭልፋ ስለሚመስል እኛ "ጭልፋው" እንለዋለን። ሦስት ሜትር ከሩብ የሚሆን የባሕር ዛፍ እጀታ አለው፤ ጫፉ ላይ አነስ ያለ ሰፌድ የሚያክል ክብ ብረት፣ ክቡ ላይ ጎድጎድ ተደርጎ የታሰረ የሽቦ መረብ። ሥራው ሐይቅ ዳር ቆሞ፣ ውሃ ውስጥ ሳይገቡ፣ የተንሳፈፈ ቆሻሻ መጨለፍ ነው። ሃይላንድ፣ ክዳን፣ ፌስታል፣ የነጠላ ጫማ ግራ እግር (ቀኙ የት እንደሚሄድ አላውቅም)፣ አንድ ቀን ደግሞ ከዚህ በፊት በነበረው ጭልፋ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር አውጥተናል። ስምንት ቅዳሜ ሠርተንበት ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ለምን እንደቀነስኩ እመጣበታለሁ።

ጭልፋ ያስፈለገን እኛ የካዛንቺስ ልጆች ነን። "ልጆች" ስል ትንሹ 41 ዓመቱ ነው፤ እኔ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰፈራችን ሲፈርስ አንዱ ገላን፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዷ ቦሌ አራብሳ ተበታተንን፤ እኔ ግንፍሌ ልጄ ጋ ተጠግቻለሁ። እድሩን ግን አላፈረስነውም። ለቅሶ ለቅሶ ላይ ብቻ መገናኘት ሲሰለቸን አንድ ቅዳሜ ለሽርሽር ቢሾፍቱ ወረድን። ባቦጋያ ዳር ምንጣፍ አንጥፈን፣ በልተን፣ ቡናችንን ጠጥተን ልንነሳ ስንል አንዲት ሴትዮ ከኋላችን "እናንተ ሰዎች፣ ዕቃ ረስታችኋል!" ብለው ተጣሩ። ዞር ስንል የጠጣንባቸውን ሃይላንዶች በማዳበሪያ ሰብስበው ቆመዋል። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ማዳበሪያውን ሲያቀብሉን ፈገግ ብለዋል። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አሁን "አዴ" እንላቸዋለን። እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው፣ ዓሣ አጥማጆች፣ ተማሪዎች፣ ሁለት ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ማንም ሳይከፍላቸው ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ዳርቻውን ያጸዳሉ። እኛም ከዚያ ወዲህ በዚያው ቀን ከለገሃር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኮንትራት ሚኒባስ ይዘን፣ በአቃቂ በዱከም አድርገን እንወርዳለን። አለቆቹ እነሱ ናቸው። እኛ ጉልበትና ዕቃ ነን፤ ዕቃው ደግሞ ገንዘብ ያዥ ስለሆንኩ በእኔ በኩል ነው።

"ሐይቅ ለማጽዳት ምን ጭልፋ ያስፈልጋል፣ ሱሪ ሰብስቦ ገብቶ መልቀም ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። የእኛው እድርተኛም ብሎ ነበር። ባቦጋያ እንደ ጎረቤቶቹ እንደ ሆራና እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተቦረቦረ ጉድጓድ ነው። ዳሩ እያዘቀዘቀ አይሄድም፤ ድንገት ይከዳል። ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው። ሱሪውን የሰበሰበው ወዳጃችን ሁለተኛው እርምጃ ላይ እስከ ብብቱ ገብቶ በጀልባ ቀዛፊው ክንድ ወጥቷል፤ ስልኩ አልወጣም።

ሌላው ነገር፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው በትነት ይሄዳል፤ ፌስታል አይተንም። ክረምት ላይ ጎርፉ ከላይ ከመንደሩና ከመንገዱ ጠራርጎ ያወረደውን ነፋስ ከዳር ዳር እያላተመው፣ ፀሐይ እየሰባበረችው እዚያው ይኖራል። እና ከዳር ሆኖ የሚደርስ ረጅም እጅ ያስፈልጋል።

ረጅሙን እጅ መጀመሪያ የገዛሁት ከአንድ የመዋኛ ገንዳ ዕቃ መሸጫ ነበር። ስሙን አልጽፍም። እንደ አንቴና የሚሳብ፣ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ዘንግ፣ ሰማያዊ መረብ፣ 4,200 ብር። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ውሃ የሞላ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ስናነሳበት አንገቱ ላይ ቅንጥስ አለ። ይዤው ስመለስ ሻጯ ምንም ሳትል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በጣቷ አሳየችኝ፦ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።" የማኅበር ገንዘብ ነው እኮ ብላት ጽሑፉን ደግማ አሳየችኝ። ገንዘቡን ከኪሴ ተካሁ። እድርተኛው "ተይው" ብሎኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስኖር ደብተሬ ላይ ቀዳዳ አስተርፌ አላውቅም።

ምናለሽ ተራ የሄድኩት ያንን የተሰበረ አንገት ላስበይድ ነው። አሉሚኒየም እንደ ብረት በየደጁ እንደማይበየድ የተማርኩትም እዚያ ነው። መርካቶ ገብቶ ምናለሽ ተራን ለማግኘት ጆሮ ይበቃል፤ መዶሻው ከሩቅ ይጠራል። በርሜል ተሰንጥቆ የከሰል ምድጃ፣ ጎማ ተቀዶ በረባሶ፣ የከባድ መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ መጥረቢያ ሲሆን ቆማችሁ ታያላችሁ። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የለቀሙት ሃይላንድ በጆንያ ተጠቅጥቆ እንደ ድርቆሽ ተከምሯል። እሱን ሳልፍ ሁልጊዜ ከመካከሉ ባቦጋያን የሚያውቅ ይኖር ይሆን እላለሁ።

በያጁ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዘንጌን ገለባበጠና ሳቀ።

"ማዘር፣ ይሄ እኮ ለቅጠል ነው። ምንድን ነው የምታወጡበት?"

ማዘር መባል አልወድም፤ አንቺታውንም አብሬ ዋጥኩት። ከዳር ቆመን የምናወጣውን አንድ በአንድ ነገርኩት። ቀጥሎ "ስንት ብር ይዘሻል" ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"እንዲያመልጥ የምትፈልጊውስ?" አለኝ።

አልገባኝም። ከመሬት ሦስት ዓይነት መረብ ለቃቅሞ ሳንቃው ላይ ዘረጋልኝ። አንዱ የዱቄት ወንፊት ነው፤ ሁሉን ይይዛል፣ ውሃውንም ጭምር፤ "ስታነሺው ባልዲ ነው የምታነሺው።" አንዱ የዶሮ ሽቦ ነው፤ ቀላል ነው፣ ክዳን ግን ያሾልካል። ሦስተኛው ያ ብርቱካናማው የሽንኩርት ከረጢት። "ትንንሽ ዓሣ አለ?" አለኝ። አለ፤ ቆሮሶ ጫጩቶቹን ዳር ዳሩን፣ ውሃ ዳር የሚበቅለው ፊላ ሥር ነው የሚያሳድገው። "እንግዲያው ጫጩቱ ይውጣ፣ ክዳኑ ይቅር" ብሎ ከእግሩ ሥር አንድ የሃይላንድ ክዳን አነሳና በሜትሩ ለካ። ሦስት ሴንቲ ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋል። ቁመቱንም ለካ፤ በጎኑ ሊያልፍ ይችላላ። ከዚያ በኖራ ሳንቃው ላይ አንድ አራት ማዕዘን ሠርቶ፣ "ዓይኑ ከዚህ አይበልጥም" አለ። አንድ ሴንቲ ከምናምን።

በዕድሜዬ ብዙ ባለሙያ አሠርቻለሁ፤ አናጺ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሁለት ጊዜ ሶፋ። ዕቃው የማይነካውን ነገር የጠየቀኝ ይሄ ልጅ የመጀመሪያው ነው። አራቱ ኮከብ ግማሹ የዚህ ጥያቄ ነው።

ለምስጋና አልቸኩል፤ የመጀመሪያው ሥራው አልሆነም። ያን ዕለት በልኩ የሆነ ሽቦ አላገኘም፤ "ለጊዜው" ብሎ የሽንኩርት ከረጢቱን ደረበበት። ክቡ ስምንት ቁጥር ቶንዲኖ (የግንባታ ብረት)፣ እጀታው ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት)። ጠንካራ ነበር፤ ወንበሩን ያወጣነው በእሱ ነው። ግን በሁለተኛው ቅዳሜ መጨረሻ ላይ ውሃው ላይ ብርቱካናማ ክር ሲንሳፈፍ አየሁ። ከየት መጣ ብዬ ስከታተል ከራሳችን ጭልፋ። ከረጢቱ ፀሐይ ሲመታው እየተፈታ ነው። ፕላስቲክ ልናወጣ ሄደን ፕላስቲክ እየዘራን! ክሩን ስንለቅም፣ ተረኛ የነበረው ተማሪ እጁ አዳለጠውና ጭልፋው ብሉቅ ብሎ ሰመጠ። ቱቦላሬ አይንሳፈፍም። ለሐይቁ አራት ኪሎ ብረት መርቀን አዲስ አበባ ገባን። ልጁ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፤ አዴ "ሐይቁ ካሣ ተቀበለ" ብለው አሳቁት።

በያጁ ዘንድ ተመልሼ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ውሃ ላይ የሚሠራ ዕቃ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ማሰብ ነበረብኝ።" የእጅ ዋጋ አልጠየቀም፤ የዕቃውን ብቻ። (ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ የለውም። እንዲያውም ግድግዳ የለውም።)

ሁለተኛው ነው አሁን የምንሠራበት። እጀታው ቀጥ ያለ፣ በደንብ የደረቀ የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ ምኒልክ ያስተከሉት ዛፍ እዚህም አልጠፋም። አጣናው ክቡ ላይ የተበየደ አጭር ቱቦ ውስጥ ይገባና በአንድ ቡሎን፣ በሁለት ሮንዴላ፣ በአንድ ዳዶ ይታሰራል፤ ሲፈታ ሁለት ቦታ ይሆናል። ከአንገቱ ሥር ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ባዶ ሃይላንድ በገመድ ታስሯል፤ ቢወድቅ እንዲያንሳፍፈው። መረቡ ዚንክ የተቀባ ሽቦ ነው፤ በኖራ የሳላት አራት ማዕዘን ልክ። ከመረከቤ በፊት ጎረቤቱ ካለው ጎሚስታ የውሃ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን ነክሮ ለቀቀው። ሃይላንዱ ቀጥ አድርጎ አንጠለጠለው። ጎሚስታውም፣ ሻይ የምታመላልሰው ልጅም፣ እኔም አጨበጨብን።

አሁን ሐይቁ ላይ። አንድ ሰው ይጨልፋል፣ አንድ ሰው ማዳበሪያ ይዞ ይቀበላል፣ አንድ ሰው የጨላፊውን ወገብ ይይዛል። ወገብ መያዙ የአዴ ሕግ ነው፤ ዳሩ ስለሚከዳ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይበረታልና ቆሻሻው በአንድ ጥግ የሚከማችበት ሰዓት ማለዳው ነው፤ ለዚህ ነው በ12 ሰዓት የምንነሳው። መረቡ ውሃውን ወዲያው ያፈስሰዋል፤ ክዳኗን ያስቀራል። ጫጩት ዓሣ እስካሁን አንድም አልያዝንም።

አዲስ ገቢ ሁሉ የሚሳሳተው ፊላው ላይ ነው። ዳር ዳሩን የበቀለው ፊላ ለዓይን ዱር ይመስላል፤ ከተሜ ደግሞ ዱር ካየ ማጭድ ያምረዋል። እኔም የመጀመሪያ ቀን አንድ እቅፍ ነቅዬ በኩራት ስመጣ አዴ ተቀብለውኝ እቅፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ላጭተሽ ልታስውቢው ነው?" አሉኝ። ፊላው ነው ከላይ የሚወርደውን አፈር የሚይዘው፤ ወፉ የሚፈለፍለው፣ ቆሮሶው የሚሸሸገው እዚያ ነው። አይነቀልም። ፊላው መካከል የገባውን ፌስታል ግን ማውጣት ግዴታ ነው፤ ጭልፋውም የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ክቡ 45 ሴንቲ ነው፤ ለግልጽ ውሃ ተስማሚ፣ ለፊላ መካከል ሰፊ። እንደ በሬ ቀንድ ይያዛል። አንዱ ኮከብ የሄደው በዚህ ነው።

ልብስና ምንጣፍ ሊያጥቡ የሚመጡትንም አዴ ራሳቸው ናቸው የሚያናግሩት። ጭቅጭቅ የለም። ሁለት ባልዲ አላቸው፤ "ውሃውን ቅዱና ወዲያ ከፍ ብላችሁ እጠቡ" ይላሉ። ኦሞው ሐይቅ ከገባ አረንጓዴውን አልጌ ይቀልበዋል፤ አልጌው ሲበዛ ሞቶ ሲበሰብስ የዓሣውን አየር ይጨርሰዋል። ባልዲው ካልተመለሰ ግን አዴም ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ሰምቻለሁ።

የወጣው ሁሉ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይለያል። ሃይላንድ ለብቻ፣ ክዳን ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ። ሃይላንዱን ቆራሌ በኪሎ ይገዛል፤ ከእሱ የሚገኘው ለጓንትና ለማዳበሪያ ይውላል፣ እኔ እጽፈዋለሁ። የማይሸጠው ብዙ ነው፤ ዳይፐር፣ የጫት ላስቲክ፣ ፌስታል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል፤ ሐይቁ ግን ገና የድሮውን ነው እየመለሰልን ያለው። ባለፈው ወር አንዱ ላይ የተጻፈው የሱቅ ስም ከእኛው ሰፈር ነበር፤ ከፈረሰ ቆይቷል። ሁላችንም ተቀባብለን አየነው።

ጭልፋው ያልታሰበ አገልግሎት የሰጠው ታኅሣሥ ላይ ነው። ስንደርስ ውሃው መልኩ ተለውጦ፣ ሽታ ነበረው፤ ዳሩ ላይ ቆሮሶ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፏል። አንድ ሰው መርዝ ጨመረበት ብለን ደነገጥን። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ግን "ሐይቁ ተገልብጦ ነው" አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እንደዚህ ጠባብና ጥልቅ የሆነ ሐይቅ ውሃው በሙቀት ወራት ተደራርቦ ይተኛል፤ ሞቃቱ ላይ፣ ቀዝቃዛው ታች። ታችኛው ኦክስጅን የለውም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ሌሊቱ የላይኛውን ውሃ ሲያቀዘቅዘው ይከብድና ይወርዳል፤ ነፋሱም ያግዘዋል፤ አየር የሌለው የታችኛው ይወጣል። ዓሣው በገዛ ቤቱ ይታፈናል። የማንም ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን የሞተው ዓሣ እዚያው ከበሰበሰ የቀረችውን አየር ይሻማል። ያን ቀን ሃይላንድ ትተን ዓሣ ጨለፍን። መረቡ ሳይለጠጥ፣ ሽቦው ሳይላቀቅ እስከ 5 ሰዓት ሠራ። ሽታው ከእጀታው የወጣው በሦስት እጥበት ነው፤ እንጨት ሽታ ይይዛል፣ ይሄንን እወቁት።

ሌሎች ጉድለቶች። ይከብዳል፤ ግማሽ ሰዓት በጨለፋችሁ ቁጥር ሰው ቀይሩ፣ ትከሻዬ ይመሰክራል። ብየዳው የነካው ቦታ ላይ ዚንኩ ስለሚቃጠል ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ስትረከቡ ፀረ ዝገት ቀለም እንዲቀባላችሁ ጠይቁ፣ እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ በአራተኛው ወር አስቀባሁ። የሃይላንዱንም ክዳን በየጊዜው አጥብቁት።

ማጓጓዙ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። መጀመሪያ ቀን ከመርካቶ ይዤው ታክሲ ስገባ ረዳቱ አጣናውን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ "ማዘር፣ እሱም ይከፍላል" አለ። ለአጣናው የአንድ ሰው ከፍዬ፣ ጫፉን በመስኮት አውጥቼ፣ መንገዱን ሁሉ "ቀስ፣ ቀስ" እያልኩ ግንፍሌ ደረስኩ። ስለዚህ አጣናውን ከየሰፈራችሁ እንጨት ተራ ግዙና ከምናለሽ ተራ ጭንቅላቱን ብቻ ውሰዱ፤ ፌስታል ውስጥ (ይቅርታ፣ ዘንቢል ውስጥ) ይገባል።

ዋጋው ክቡ፣ ቱቦው፣ ሽቦውና ብየዳው ተደምሮ 1,450 ብር፣ አጣናው 180። ከተሰበረው አንቴና ከግማሽ በታች ነው። ደረሰኝ የለውም፤ ለማኅበር የምትገዙ ከሆነ በወረቀት አስፈርሙ። እኔ በቁራጭ ካርቶን ላይ አስፈርሜ ደብተሬ ውስጥ ለጥፌዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለፊላው የሚሆን ጠባብ ላሠራ ሄጄ ነበር፤ ክቡ 25 ሴንቲ፣ አፉ ሾጠጥ ያለ። እሺ አለና ኖራውን አነሳ። ሠርቶ ሊጨርስ ሲል ቀና ብሎ፣ "ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?" አለኝ። 12 ሰዓት፣ ለገሃር አልኩት። "ቅዳሜ ገበያ ነው፣ ማዘር" አለና ወደ ብየዳው ተመለሰ። ለማንኛውም አንድ ወንበር ይዤለታለሁ፤ ካልመጣ ጭልፋው ይቀመጥበታል።